የባርንስሊው ባልደረባዬ ሞኝ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። የቆየ አንባቢያችሁ ነኝ። ልጅ ሆኜ አባቴ ቅዳሜ ጠዋት ጋዜጣ ይዞ ሲገባ የስፖርቱን ገጽ ቀድሜ የምነጥቀው እኔ ነበርኩ። አሁን የምኖረው ሊድስ ነው፣ ሰሜን እንግሊዝ። የከተማ አውቶቡስ እነዳለሁ።

ሰሞኑን ስለ ብሬግዚት፣ ማለትም ብሪታኒያ በሕዝበ ውሳኔ ከአውሮፓ ኅብረት ስለ መውጣቷ፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ብዙው ነገር ደህና ተጽፏል። አንዱ ግን አልዋጥ አለኝ። ጸሐፊው "እንውጣ" ብሎ የመረጠውን ሕዝብ በአውቶቡስ ላይ በተጻፈ ውሸት የተታለለ፣ የውጭ ሰው ማየት የማይፈልግ አድርገው አቀረቡት። ከዚያ ወደ እኛ አገር የመገንጠል ጉዳይ ዞረው "ትምህርት እንውሰድ" አሉ። ትምህርቱን እኔም እፈልገዋለሁ። ግን ሰዎቹን ሳናውቃቸው ምን እንማራለን? እኔ ከእነሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ሻይ ስጠጣ ኖሬያለሁ። ራሴም "እንውጣ" ልል ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ካሜሮን የምርጫውን ቀን ያሳወቁት በእኛ አቆጣጠር የካቲት 12 ቀን 2008 ዓ.ም. ነበር። የሰማዕታት ቀን ስለሆነ አልረሳውም። ቅዳሜ ነው። ሰኞ ጠዋት የመሥሪያ ቤታችን ካንቲን ስገባ ክርክሩ ተጀምሮ ደረስኩ። ከዚያ በኋላ ለአራት ወር አላባራም። የእኛ ሥራ ፈረቃው የተቆራረጠ ነው። ጠዋት ለአራት ሰዓት ያህል ትነዳለህ፣ መሃል ላይ ለሁለት ሰዓት ትቀመጣለህ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ትመለሳለህ። ያ ሁለት ሰዓት ለወሬ ነው የተፈጠረው። በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ ዙሪያ አምስት ሰዎች ነበርን። ስማቸውን አልጽፍም፣ ፈቃዳቸውን አልጠየቅኩም።

ከራሴ ልጀምር። ያኔ ባለቤቴ አዲስ አበባ ነበረች። ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆኖናል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ሕግ የብሪታኒያ ዜጋ ከአውሮፓ ውጭ ያለች ሚስቱን ለማምጣት በዓመት ቢያንስ 18,600 ፓውንድ ማግኘት ነበረበት። የእኔ ኮንትራት በሳምንት 30 ሰዓት ብቻ ነበር። ትንሽ ጎደለኝ። በጣም ትንሽ። እሑድም በዓልም ሳልል ኦቨርታይም እለምን ነበር። የፋሲካ ለት እንኳ ስነዳ ውዬ ማታ ደወልኩላት፤ ዶሮው እንዴት እንደሆነ ስትነግረኝ አልቅሼ ስልኩን ዘጋሁት። በዚያው ሰዓት ግን አንድ የሩማኒያ ወይም የፖርቱጋል ዜጋ ሊድስ ውስጥ እስከሠራ ድረስ ሚስቱ ከየትም አገር ብትሆን ሲያመጣት ይህን ያህል ታገኛለህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። የኅብረቱ ሕግ ነው። እኔ የዚህ አገር ፓስፖርት ይዤ ሚስቴን ማምጣት አልቻልኩም፣ እሱ ሳይዝ ይችላል። ይህ ነገር ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

ብራድፎርድ ተወልዶ ያደገው ልጅ ይህን ስነግረው ጠረጴዛውን መታ። አባቱ ከሚርፑር ነው የመጡት፣ ከፓኪስታን በኩል ካለው ካሽሚር። አጎቱ ምግብ ቤት አለው፤ ከአገሩ ምግብ አብሳይ ላምጣ ሲል ቪዛው አልሆነለትም። "ከአውሮፓ የሚመጣው ሲቀንስ ለእኛ ሰዎች ቦታ ይኖራል" ይል ነበር። ከራሱ የፈጠረው ወሬ አልነበረም። እንዲህ እያሉ በእስያ ተወላጆች መሃል የሚቀሰቅሱ ፖለቲከኞች ነበሩ። ታዲያ ይህ ልጅ የውጭ ሰው ጠልቶ ነው? አያቱን፣ አክስቱን፣ የአጎቱን ሠራተኛ ፈልጎ ነው "እንውጣ" ያለው። እኔም ባለቤቴን ፈልጌ አብሬው ልቆም ነበር።

የባርንስሊው ሰው ግን ሌላ ነው። ስለ እሱ ረዘም አድርጌ መጻፍ አለብኝ፣ ጸሐፊው ሞኝ ያሉት በዋናነት እሱን ስለሆነ።

ያኔ 58 ዓመቱ ነበር። ባርንስሊ ከሊድስ በስተደቡብ ያለች የድሮ የከሰል ማዕድን ከተማ ናት። አባቱም አያቱም ከሰል ቆፋሪዎች ነበሩ። እሱም ወጣትነቱን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ጀምሮት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ማዕድን ቆፋሪዎቹ አድማ ሲመቱ ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ ቆመ። ተሸነፉ። ከዚያ ጉድጓዶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ግራይምቶርፕ የሚባለው የአካባቢው ትልቅ ማዕድን በ1993 ተዘጋ። ሰውዬው ስለዚህ ሲያወራ ድምፁን ከፍ አያደርግም። እጁን ነው የሚያየው።

ከአየርላንድ የመጣው የደብሊኑ ባልደረባችን አንድ ቀን እንዲህ አለው፤ "ደቡብ ዮርክሻየር ደኸየ ተብሎ ከብራስልስ ስንት ገንዘብ መጣላችሁ። መንገዳችሁን ሳይቀር በአውሮፓ ገንዘብ ነው የሠራችሁት። ምን አደረጉህ?" እውነቱን ነው፣ ለዚያ አካባቢ የኅብረቱ ትልቅ የልማት ድጎማ ለዓመታት ገብቷል። የባርንስሊው ሰው ሻዩን አስቀመጠ። "መንገዱ ቆንጆ ነው" አለ። "መንገዱ የሚያደርሰው የት እንደሆነ ታውቃለህ? መጋዘን። ከሰሉ የነበረበት ቦታ ላይ መጋዘን ነው የተሠራው። ልጄ እዚያ ይሠራል። በኤጀንሲ ነው የተቀጠረው። ነገ ሥራ ይኑረው አይኑረው ማታ በቴክስት ነው የሚነግሩት። እኔ በእሱ ዕድሜ ቤት ገዝቼ ነበር።"

ማንም መልስ አልሰጠውም። ምን ይባላል?

ስለዚያ ቀይ አውቶቡስም ጠይቄዋለሁ። በሳምንት 350 ሚሊዮን ፓውንድ ለኅብረቱ እንልካለን፣ ለጤና አገልግሎታችን እናውለው ይል የነበረው ነው። ከኅብረቱ ተመልሶ የሚመጣውን ገንዘብ አልቀነሰም ነበርና የመንግሥት ስታቲስቲክስን የሚቆጣጠረው አካል ራሱ አሳሳች ነው ብሎታል። ባልደረባዬ አላመነውም። "አርባ ዓመት ፖለቲከኛ ሲዋሸኝ የኖርኩ ሰው ነኝ" አለኝ። "ቁጥሩ ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለቱም ወገን ይዋሻል። ግን ካሜሮንም ባንኮቹም ትልልቆቹ ሰዎች ሁሉ 'እንቅር' ሲሉ ሰማሁ። አሁን ያለው ነገር ለእነሱ ተመችቷቸዋል ማለት ነው። ለእኔ አልተመቸኝም።" ይህን አመክንዮ መቃወም ይቻላል፤ እኔም ተቃውሜዋለሁ። ግን የተታለለ ሰው ንግግር አይደለም።

የደብሊኑ ሰው ስለ ድንበር ያወራ ነበር። ብሪታኒያ ከወጣች በሰሜን አየርላንድና በአየርላንድ ሪፐብሊክ መካከል ያለው ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ድንበር ምን ይሆናል ይላል። እ.ኤ.አ. ከ1998ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ኬላው ጠፍቷል፤ እህቱ በአንዱ በኩል ትኖራለች፣ በሌላው በኩል ታስተምራለች። እኛ ስለ ሩቅ አገር የሚያወራ ያህል ነበር የምንሰማው። እንግሊዝ ውስጥ ያን ጊዜ ስለዚያ ድንበር ደጋግሞ ሲያወራ የሰማሁት እሱን ብቻ ነው። በኋላ ፓርላማውን ከሦስት ዓመት በላይ ያናጋው እሱ ያለው ነገር ሆነ።

አምስተኛዋ ከፖዝናን የመጣች ፖላንዳዊት ናት። ሊድስ ከገባች አሥር ዓመቷ። ከሁላችንም የተሻለች ሹፌር ነበረች፤ በረዶ ሲጥል አስቸጋሪውን ዳገት ለእሷ ነበር የሚሰጧት። እኔ ኦቨርታይም ስፈልግ የራሷን ሰዓት የምትለቅልኝ እሷ ናት። "ለሚስትህ ነው" ትለኝ ነበር። እሷ ግን መምረጥ አትችልም። የደብሊኑ ይመርጣል። እኔም እመርጣለሁ። ባለፈው መስከረም ከናይጄሪያ የመጣ ተማሪም፣ አገሩ የኮመንዌልዝ (በብዛት የቀድሞ የብሪታኒያ ቅኝ ግዛቶች ማኅበር) አባል ስለሆነች፣ ይመርጣል። አሥር ዓመት ግብር የከፈለችው እሷ አትመርጥም። አንድ ቀን የተናገረችው እስካሁን ይሰማኛል። "እ.ኤ.አ. በ2003 አገሬ ወደ ኅብረቱ ትግባ ወይስ አትግባ ተብለን ስንጠየቅ ድምፅ ሰጥቻለሁ። 'ትግባ' ብዬ ነው የመጣሁት። አሁን እናንተ ስለ እኔ ታወራላችሁ፣ እኔ ሻይ እቀዳለሁ።"

ምርጫው ሳምንት ሲቀረው፣ ሰኔ 9፣ የሌበር ፓርቲ የፓርላማ አባሏ ጆ ኮክስ ተገደለች። ቦታው በርስታል ነው፣ ለሊድስ ቅርብ ነው። የመረጧትን ሰዎች ለማነጋገር ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ስትሄድ ደጃፉ ላይ ነው የገደሏት። 41 ዓመቷ፣ የሁለት ሕፃናት እናት። በዚያ በኩል የሚያልፍ አውቶቡስ ይነዳ የነበረ ባልደረባችን መንገድ ተዘግቶበት ሲመለስ ፊቱ ነጭ ሆኖ ነበር። ዘመቻው ለጥቂት ቀናት ቆመ። የእኛም ጠረጴዛ ዝም አለ። የባርንስሊው ሰው ለሁላችንም ሻይ አመጣ፣ ማንም አልጠጣውም።

ሰኔ 16 ቀን፣ በእነሱ ጁን 23 ቀን 2016፣ ሥራ ጨርሼ በዩኒፎርሜ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄድኩ። የሰፈራችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በገመድ የታሰረ እርሳስ፣ ከእንጨት የተሠራች ትንሽ መደገፊያ። ወረቀቱ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ፤ ዩናይትድ ኪንግደም የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆና ትቀጥል ወይስ ኅብረቱን ትልቀቅ? ሁለት ሳጥን። በአንዱ ላይ ኤክስ።

እርሳሱን ይዤ ቆምኩ። እውነቱን ልናገር፣ እጄ "ትልቀቅ" የሚለው ላይ ነበር። ባለቤቴን ነው የማስበው። ያን ጊዜ እትዬ ትዝ አሉኝ።

ያደግኩት ቀበና ነው። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ የሚላቸው ጎረቤት ነበሩን፣ አሥመራ ተወልደው ገና በልጅነታቸው አዲስ አበባ የመጡ። ልብስ ሰፊ ናቸው። ከእናቴ ጋር ቡና የማይጠጡበት ቀን የለም። ሚያዝያ 1985 ዓ.ም. የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ሲካሄድ አዲስ አበባ ያሉ ኤርትራውያንም ድምፅ ይሰጡ ነበር። እትዬም ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። እኔ 13 ዓመቴ ነው። ሲመለሱ እናቴ ቡና እያፈላች ጠበቀቻቸው። "እዚያ ልትሄጂ ነው እንዴ?" አለቻቸው። እትዬ ሳቁ። "የት እሄዳለሁ? ቤቴ እዚህ፣ ልጆቼ እዚህ። ጦርነቱ ይብቃ ብዬ ነው" አሉ። ቃል በቃል አስታውሳለሁ፣ ምክንያቱም እናቴ በኋላ ደጋግማ ትለው ነበር።

በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሣ። መንግሥት በዚያ ሕዝበ ውሳኔ የተመዘገበ ሰው የኤርትራ ዜግነት ወስዷል የሚል ክርክር ይዞ መጣ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተባረረ። እትዬን ሌሊት ወሰዷቸው፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም በአውቶቡስ ወደ ድንበር። ልጆቻቸው ከእኛ ቤት ቀሩ። ጠዋት ከእናቴ ጋር ቤታቸው ስንገባ የስፌት መኪናው ክፍት ነው። የታናሽ ወንድሜ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እጅጌ መርፌው ሥር እንደገባ ነበር፣ ግማሹ ተሰፍቶ።

ወረቀቱ እትዬን የጠየቃቸው አንድ ነገር ነው። እሳቸው የመለሱት "ጦርነት ይብቃ" ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ያ መልስ በሌላ ሰው እጅ ሌላ ትርጉም ተሰጠው፤ እሳቸውን ግን ያን ጊዜ የጠየቃቸው አልነበረም።

እንግሊዝ ኢትዮጵያ አይደለችም። ማንንም በሌሊት ይወስዳሉ ብዬ አልፈራሁም። የፈራሁት ሌላ ነው። እኔ "ትልቀቅ" ብል ባለቤቴን ማለቴ ነው። የብራድፎርዱ ልጅ ምግብ አብሳይ ማለቱ ነው። የባርንስሊው ሰው ልጁን ማለቱ ነው። ሦስታችንም አንድ ሳጥን ውስጥ አንድ ዓይነት ምልክት እናደርጋለን፣ በማግስቱ ግን "ሕዝቡ ምን አለ" የሚለውን የሚተረጉሙት ሦስታችንንም የማያውቁን ሰዎች ናቸው። በዚያ ላይ ሰዓቷን የምትለቅልኝ ሴት ትዝ አለችኝ። "ትቀጥል" የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ወጣሁ። ውጭ ደረጃው ላይ ጥቂት ቁጭ አልኩ።

ሊድስ ለጥቂት ተረፈች። 194,863 ሰው "ትቀጥል" አለ፣ 192,474 "ትልቀቅ"። ልዩነቱ 2,389 ነው። በባርንስሊ ከመቶ 68ቱ "ትልቀቅ" ብለዋል። በአገር ደረጃ 51.9 ለ48.1 ሆኖ ኅብረቱን መልቀቅ አሸነፈ።

በማግስቱ ጠዋት ካንቲኑ ጸጥ ብሎ ነበር። ካሜሮን ሥልጣን እለቃለሁ ሲሉ በቴሌቪዥን አየን። ፖላንዳዊቷ ገባች፣ ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ አልተቀመጠችም። የባርንስሊው ሰው ተነስቶ እንደ ወትሮው ሻይ ቀዳላት። ሁለት ስኳር። "አንቺን አይደለም እኮ" አላት። እሷ ኩባያውን ተቀበለችና "ታዲያ ማንን ነው?" አለችው። ሰውዬው መልስ ፈለገ። አፉን ከፈተ። ከልቡ ነው የፈለገው፣ አላገኘም። እኔ ይህን ሰው ጨካኝ ነው የሚለኝ ካለ እዚያ ቆሞ ፊቱን ባየው እመኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ብሪታኒያ የወጣችው ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ነው። "መውጣት" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለመስማማት ብቻ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ፈጀ። የድንበሩ ጉዳይ መጨረሻ ላይ የዕቃው ፍተሻ በባሕሩ ላይ ሆኖ ሰሜን አየርላንድ ከቀረው አገር ጋር በፍተሻ ተለየች። ፖላንዳዊቷ በ2018 ወደ ፖዝናን ተመለሰች፤ ማንም አላስወጣትም፣ ለመኖር አመልክቺ መባሉ ነው የከበዳት። የብራድፎርዱ ልጅ ያሰበው በር አልተከፈተም። ባለቤቴ በ2017 መጣች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬ ቢሆን ግን አትመጣም ነበር፤ ያ 18,600 ፓውንድ በ2024 ወደ 29,000 አድጓል። ስደተኛ ይቀንስ ብለው የመረጡ ሰዎች ደግሞ በ2023 ወደ አገሪቱ የገባው ሰው ከወጣው ከ800 ሺህ በላይ ሲበልጥ አዩ። ከሁላችንም የፈለገውን ያገኘ አላውቅም።

ወደ ጸሐፊው ልመለስ። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ላይ መገንጠል እንዴት እንደሚፈጸም ተጽፏል። መገንጠል የሚፈልገው ብሔር ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ይስማማል፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይካሄዳል፣ አብላጫው ይወስናል፣ ንብረት በሕግ ይከፋፈላል። ንብረት ይላል። እንደ እትዬ ልጆች ያሉት የት ይሆናሉ የሚለው እዚያ ውስጥ የለም። በጋዜጣችሁ ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፈው ሁልጊዜ "መብት ነው" ወይም "አገር ማፍረስ ነው" በሚል ነው። ሁለቱም ወገን የሚያወራው ስለ ሳጥኑ ነው። እባካችሁ በማግስቱ ስለሚሆነው ጻፉ። ጡረታው፣ መታወቂያው፣ ዩኒቨርሲቲ ያለው ልጅ፣ ሁለት ቦታ ያለው ትዳር። ድምፅ ሊሰጥ የሚችለውንም፣ ሊሰጥ የማይችለውንም ሰው ሄዳችሁ ጠይቁ። ሞኝ ነው ብላችሁ ግን አትጀምሩ።

የባርንስሊው ባልደረባዬ እ.ኤ.አ. በ2021 ጡረታ ወጣ። አሁንም አንዳንድ ሐሙስ ሊድስ ሲመጣ ገበያው ውስጥ ሻይ እንጠጣለን። ባለፈው ይህን ደብዳቤ ልጽፍ እንደሆነ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና እንዲህ አለኝ፤ "ማንም 'ምን ትፈልጋለህ?' ብሎ አልጠየቀኝም። 'ትወጣለህ ወይስ ትቀራለህ?' ነው ያሉኝ። እኔ የፈለግኩት ልጄ ቋሚ ሥራ እንዲያገኝ ነበር።"

"ልጅህስ አሁን?" አልኩት።

"እዚያው መጋዘን ነው" አለኝ። "አሁንም ማታ በቴክስት ነው የሚነግሩት።"

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ የአውቶቡስ ሹፌር
ሊድስ፣ እንግሊዝ